የፊት ገጽታና ወደ ራስ የዞረ ትኩረት በስሜት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

መግቢያ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ልብ እያዘነ ጥርስ ሊስቅ እንደሚችል፣ ስለዚህም ፊትን ብቻ አይቶ የሰውን ውስጥ ማወቅ አስቸጋሪ መሆኑን ለማመልከት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ፊቱ ጠቆረ»፣ «ፊቱ በራ»፣ «ፊት ነሳኝ» እያልን የሰውን ስሜትና ፈቃድ ከፊቱ ላይ እናነባለን። ሁለቱም አነጋገሮች የሚነሡት ከአንድ ግምት ነው። ይኸውም ስሜት አስቀድሞ በውስጥ ይፈጠራል፤ ፊት ደግሞ የተፈጠረውን ይገልጣል ወይም ይሸፍናል የሚል ነው። ፊት ራሱ ስሜትን ሊለውጥ ይችል እንደሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም።

ጥያቄው ለጤና ባለሙያ ከተራ የማወቅ ጉጉት ያለፈ ትርጉም አለው። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ሐኪም ወይም ነርስ በአንድ ቀን የብዙ ሕሙማንን ፊት ያነባል፤ የራሱም ፊት በሕሙማኑና በአስታማሚዎቻቸው ይነበባል። ሕፃን በእጁ ሲሞት ፊቱን አጽንቶ ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳል። ሕመም የፊቱን እንቅስቃሴ የነሣውን ሰው «ግድ የሌለው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በድባቴ የተያዘውንም ሰው «ፈገግ በል፣ ይለፍልሃል» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። እነዚህ ሁሉ ፊትና ስሜት ስላላቸው ግንኙነት በያዝነው ግምት ላይ የተመሠረቱ ድርጊቶች ናቸው። ግምቱ ሲሳሳት የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ባለሙያው ራሱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ጉዳዩ እስካሁን የታወቀውን ባጭሩ ማስረዳትና ለዕለት ተዕለት ሥራችን ያለውን ትርጉም ማሳየት ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ ፊት በስሜት ላይ ተጽዕኖ አለው፤ ተጽዕኖው ግን አነስተኛ ነው። ከፊት ይልቅ በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባው ትኩረታችን ወዴት እንደዞረ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐሳቡ አመጣጥ

ቻርልስ ዳርዊን በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት የስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድን ስሜት በውጫዊ ምልክቶች በነጻነት መግለጽ ስሜቱን እንደሚያበረታው፣ ምልክቶቹን መግታት ደግሞ እንደሚያለዝበው አመልክቶ ነበር። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1884፣ ዴንማርካዊው ሐኪም ካርል ላንጌ ደግሞ በ1885 ከዚህ አልፈው ሄዱ። እንደ ጄምስ አስተሳሰብ አዝነን አይደለም የምናለቅሰው፤ ይልቁንም ማልቀሳችንን ስለምናውቅ ነው የምናዝነው። በሌላ አባባል ስሜት ማለት አእምሮ በሰውነት ውስጥ የተደረገውን ለውጥ ሲገነዘብ የሚፈጠር ነገር ነው ማለት ነው።

የፊዚዮሎጂ ሊቅ የነበረው ዋልተር ካነን በ1927 ይህን አስተሳሰብ በብርቱ ተቸ። የልብ ምት መፍጠን፣ ላብና የመሳሰሉት ለውጦች በፍርሃትም በቁጣም፣ በትኩሳትም ጭምር የሚታዩ ስለሆኑ አንዱን ስሜት ከሌላው ሊለዩ አይችሉም፤ የውስጥ አካላት ለውጥም ከስሜቱ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አዝጋሚ ነው ሲል ተከራከረ። ይህ ትችት ክብደት ያለው ነው። ሆኖም ያነጣጠረው በሆድ ዕቃና በደረት ውስጥ ባሉ አካላት ላይ ነበር። የፊት ጡንቻዎች ግን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ ለደስታ፣ ለሐዘን፣ ለቁጣ የሚወስዱትም ቅርጽ የተለያየ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ፊት ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የፊት ጡንቻዎችና ሁለቱ የትእዛዝ መንገዶች

የፊት ገጽታን የሚሠሩት ጡንቻዎች በ7ኛው የራስ ቅል ነርቭ ይታዘዛሉ፤ ከፊት ቆዳ ወደ አንጎል የሚሄደው የመዳሰስ መልእክት ደግሞ በአብዛኛው በ5ኛው ነርቭ በኩል ያልፋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 ባሳተመው ሥራ፣ የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እያነሣሣ እያንዳንዱ ምን ዓይነት ገጽታ እንደሚፈጥር አሳይቷል። እንደ እርሱ ገለጻ የከንፈርን ዳር ወደ ላይ የሚስበው ዛይጎማቲከስ ሜጀር የተባለው ጡንቻ በፈቃድ ይታዘዛል፤ ዐይንን የሚከበው ኦርቢኩላሪስ ኦኩላይ ግን በእውነተኛ ደስታ ጊዜ የሚሠራና በትእዛዝ ለማንቀሳቀስ የሚያስቸግር ነው። ዛሬ ብዙ ሰዎች ይህንንም በፈቃዳቸው ማድረግ እንደሚችሉ ቢታወቅም፣ በዐይን ዙሪያ የሚታየው መኮማተር አሁንም የተመልካችን ዐይን የሚስብ ምልክት ነው።

በሕክምና ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ዕውቀት ፊት ከአንጎል ሁለት ዓይነት ትእዛዝ የሚቀበል መሆኑ ነው። አንደኛው ከአንጎል ቅርፊት የሚነሣው የፈቃድ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ከአንጎል ጥልቅ ክፍሎች ጋር የተያያዘው የስሜት ትእዛዝ ነው። በአንጎል የደም ሥር ሕመም ምክንያት ግማሽ ፊቱ የደከመ ሰው «ጥርስዎን ያሳዩኝ» ሲባል አፉ ወደ አንድ ወገን ሊሳብ ይችላል፤ የሚያስቅ ነገር ሲሰማ ግን ሁለቱም ወገን እኩል ሲንቀሳቀስ ይታያል። የዚህ ተቃራኒም አለ። በፓርኪንሰን ሕመም በተለይ የሚቀንሰው ሳይታሰብ የሚመጣው የፊት እንቅስቃሴ ነው። በመሆኑም ገጽታና ስሜት የተያያዙ ቢሆኑም አንድ አይደሉም።

ፊት ስሜትን ይለውጣል?

ይህን ለመመርመር ከተደረጉት ጥናቶች እጅግ የታወቀው ፍሪትዝ ሽትራክና ባልደረቦቹ በ1988 ያወጡት ነው። ተሳታፊዎቹ እስክሪብቶ በአፋቸው ይዘው አስቂኝ ሥዕሎችን እንዲመዝኑ ተደረገ። እስክሪብቶውን በጥርስ መያዝ ሳይታወቅ የፈገግታ ቅርጽ ይሰጣል፤ በከንፈር መያዝ ግን ፈገግታን ይከለክላል። በጥርሳቸው የያዙት ሥዕሎቹን ይበልጥ አስቂኝ ሆነው አገኙአቸው። ግኝቱ በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ገባ።

በ2016 ግን 17 ቤተ ሙከራዎች ይህንኑ ጥናት በ1,894 ተሳታፊዎች ደገሙት። በመጀመሪያው ጥናት በ10 ነጥብ መለኪያ 0.82 የነበረው ልዩነት በድጋሚው 0.03 ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነት የለም እንደ ማለት ነው። ብዙዎች ጉዳዩ በዚህ አበቃ ብለው ነበር።

ነገሩን ወደ ትኩረት ጥያቄ የወሰደው ከዚህ በኋላ የመጣው ሐሳብ ነው። በ2016ቱ ጥናት ተሳታፊዎቹ እስክሪብቶውን በትክክል መያዛቸውን ለማረጋገጥ ካሜራ ተደቅኖባቸው ነበር፤ በ1988ቱ ካሜራ አልነበረም። በእስራኤል የሚገኙ ተመራማሪዎች፣ ኖኅ፣ ሹልና ማዮ፣ በ2018 ባወጡት ጥናት ካሜራ በሌለበት የፊት ተጽዕኖ ሲታይ ካሜራ ባለበት ግን እንዳልታየ ገለጹ። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ራሱን በሌላ ሰው ዐይን መመልከት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ከገዛ ሰውነቱ የሚመጣውን ስውር መልእክት ማዳመጡን ይተዋል የሚል ማብራሪያም ሰጡ። ይህ አንድ ጥናት ስለሆነ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም፤ ነገር ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ኒኮላስ ኮልስና ባልደረቦቹ በ2019 የ138 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምሩ ፊት በስሜት ላይ ተጽዕኖ እንዳለው፣ ተጽዕኖው ግን ትንሽ መሆኑን አገኙ። እኒሁ ተመራማሪ በ2022 ከሌሎች ብዙዎች ጋር ሆነው ከ19 አገሮች የተውጣጡ 3,878 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት አወጡ። የሌላን ሰው ፈገግታ አስመስሎ መሥራትና የፊት ጡንቻዎችን በትእዛዝ ወደ ፈገግታ ቅርጽ ማምጣት የደስታ ስሜትን በመጠኑ ከፍ አድርገዋል፤ የእስክሪብቶው ዘዴ ግን አስተማማኝ ውጤት አልሰጠም።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ሚዛናዊ መደምደሚያ፣ ፊት ለስሜት አንድ አነስተኛ ግብዓት ነው የሚል ነው። ያለ ፊት እንቅስቃሴ ስሜት አይኖርም የሚለው ግን ተቀባይነት የለውም። በ2002 በወጣ አንድ ዘገባ ላይ ሁለቱም የፊት ወገን ሙሉ በሙሉ ሽባ የሆነበት ሕመምተኛ ስሜቶችን እንደማንኛውም ሰው እንደሚሰማው ተገልጿል።

ወደ ራስ የዞረ ትኩረት

ዱቫልና ዊክሉንድ በ1972 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ የሰው ትኩረት በአንድ ጊዜ ወይ ወደ ውጭ ወይ ወደ ራሱ የዞረ ነው አሉ። መስታወት፣ ካሜራ ወይም የሚመለከት ሰው ትኩረትን ወደ ራስ ይመልሳል። ሻየርና ካርቨር በ1977 እንዳሳዩት፣ ትኩረታቸው ወደ ራሳቸው የዞረ ሰዎች ደስ የሚያሰኘውን ነገር ይበልጥ ደስ የሚያሰኝ፣ የሚያስጠላውንም ይበልጥ የሚያስጠላ አድርገው መዘኑ። ትኩረት ወደ ራስ ሲዞር በጊዜው ያለው ስሜት ይጎላል ማለት ነው።

ከ1975 ጀምሮ በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ራስን ማስተዋል ይለያል። አንደኛው የራስን ስሜትና ሐሳብ ከውስጥ ማስተዋል ነው። ሁለተኛው ራስን ሌሎች እንደሚያዩት ከውጭ መመልከት ነው። ይህ ልዩነት ከላይ ስለ ካሜራና ስለ መስታወት የተባለውን ለማስታረቅ ይረዳል። የመጀመሪያው ያለውን ስሜት ያጎላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰውን ከገዛ ስሜቱ አርቆ «እንዴት እታያለሁ?» በሚል ጭንቀት ይጠምደዋል።

ችግሩ የሚብሰው ትኩረቱ ከራስ ላይ መነሣት ሲያቅተው ነው። ሱዛን ኖለን ሆክሴማ ይህን ሐሳብ በድባቴ ሕመም ላይ አጥንተዋል። በአማርኛ «ማብሰልሰል» የምንለው፣ ማለትም «ለምን እንዲህ ሆንሁ?» እያሉ በገዛ ሐዘን ላይ መመላለስ፣ መፍትሔ ሳያመጣ ድባቴን ያረዝማል። እኒህ ተመራማሪ በ1989 በካሊፎርኒያ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ቀደም ብለው የአንዳንድ ተማሪዎችን ሁኔታ መዝግበው ስለነበር ከአደጋው በኋላ ሊያነጻጽሩ ቻሉ። አስቀድሞም የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ከ10 ቀንና ከ7 ሳምንት በኋላ ይበልጥ የድባቴ ምልክት ታየባቸው። ሞርና ዊንክዊስት በ2002 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ወደ ራስ የዞረ ትኩረት ከሐዘንና ከጭንቀት ስሜት ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋግጠዋል።

በማኅበራዊ ፍርሃት ሕመምም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ክላርክና ዌልስ በ1995 እንዳብራሩት፣ በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው በሰዎች መካከል ሲሆን የሚያነጋግረውን ሰው ትቶ የገዛ ፊቱን መቅላት፣ የድምፁን መንቀጥቀጥ፣ የእጁን ላብ ይከታተላል። በውስጡ ከሚሰማው ተነሥቶም ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት ይገምታል፤ ግምቱ ብዙ ጊዜ ከእውነታው የከፋ ነው። የሰዎቹን ፊት ስለማይመለከት ደግሞ ስሕተቱን የሚያርምበት ማስረጃ አያገኝም።

ስሜትን መደበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ

«ሆድ ይፍጀው» ብሎ ችሎ መኖር በባህላችን የጨዋነት ምልክት ነው፤ በሙያችንም ውስጥ እንዲሁ። በተገቢው ጊዜ ፊትን መግታት አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን በ1993 ባወጡት ጥናት፣ የሚያስጠላ የሕክምና ፊልም እያዩ ስሜታቸው በፊታቸው እንዳይታወቅ የታዘዙ ሰዎች ገጽታቸውን መደበቅ ቻሉ፤ የመጸየፍ ስሜታቸው ግን አልቀነሰም። የሲምፓቴቲክ ነርቭ ሥርዓታቸው ሥራ ደግሞ ጨመረ።

በ2000 የወጣው የሪቻርድስና የግሮስ ጥናት ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። ፊታቸውን እየገቱ የተመለከቱ ሰዎች በዚያው ጊዜ የተነገራቸውን ነገር ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ አስታወሱ። ፊትን መቆጣጠር ትኩረትን ይሻማልና። በ2003 በወጣው የበትለርና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ፣ አንዷ ተነጋጋሪ ስሜቷን ስትደብቅ የሌላዋ ተነጋጋሪ የደም ግፊት ከፍ ማለቱ ታይቷል። ስሜቱን የሚደብቀው ብቻ ሳይሆን ፊት የተነሣውም ይጎዳል ማለት ነው።

የሶሲዮሎጂ ምሁሯ አርሊ ሆክሺልድ በ1983 የአውሮፕላን አስተናጋጆችን ሥራ አጥንተው ሁለት ዓይነት ፈገግታ ለይተዋል። አንደኛው ፊትን ብቻ ማስተካከል ነው፤ እኛ «ከአንገት በላይ» የምንለው ነው። ሁለተኛው በእንግዳው ቦታ ራስን አስቀምጦ ስሜቱ ከውስጥ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ «ከአንጀት» ወደምንለው ይቀርባል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የመጀመሪያው ከድካምና ከሥራ መሰልቸት ጋር የተያያዘ መሆኑን በተደጋጋሚ አሳይተዋል።

ለሥራችን ያለው ትርጉም

ሀ. ገጽታ የሌለውን ፊት በጥንቃቄ ማንበብ። የፓርኪንሰን ሕመም ያለበት፣ የፊት ነርቩ የተጎዳ ወይም የሥጋ ደዌ ፊቱን ያደከመበት ሰው ስሜቱን በፊቱ ላይገልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «አይሰማውም» ወይም «ተኩራርቷል» ከማለት በፊት በቃል መጠየቅ ይገባል። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ፊት ድባቴን ሊመስል፣ እውነተኛ ድባቴንም ሊሸፍን ስለሚችል ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ተስፋ መቁረጥና ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

ለ. የሚስቅ ፊትም አያዘናጋን። በአክብሮት የሚፈግግ ሕመምተኛ በድባቴ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሕሙማን ሐዘናቸውን የሚያመጡልን «ልቤን ያቃጥለኛል»፣ «ራሴን ይወቅረኛል» በሚል የአካል ስሞታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ሐ. «ፈገግ በል» ሕክምና አይደለም። የፈገግታ ተጽዕኖ በጤነኛ ሰዎች ላይ እንኳ ትንሽ ነው። በቅንድብ መካከል ቦቱሊነም ቶክሲን በመውጋት ድባቴን ለማከም ከ2012 ጀምሮ በዕጣ በተመደቡ ሕሙማን ላይ ጥናቶች ተደርገው አንዳንዶቹ ጥሩ ውጤት ዘግበዋል። ሆኖም የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ነበር፤ መርፌው ግንባርን ስለሚያለሰልስም ማን መድኃኒቱን፣ ማን ማስመሰያውን እንደወሰደ ለመሰወር ያስቸግራል። ስለዚህ የታወቁት ሕክምናዎች ቦታ ሊነካ አይገባም።

መ. የሕመምተኛውን ትኩረት ከራሱ ላይ ማንሣት። የሚያብሰለስል ሰው «አታስብ» ቢባል አይጠቀምም። ትኩረቱን የሚይዝ ተጨባጭ ተግባር ግን ሊረዳው ይችላል፤ ከሰው ጋር በእግር መሄድ፣ የተቋረጠ ሥራ በጥቂቱ መጀመር፣ ቡና ላይ ከጎረቤት ጋር መቀመጥ። ማኅበራዊ ፍርሃት ላለበት ሰው ደግሞ ሁለት አጫጭር ንግግሮች እንዲሞክር ማድረግ ይቻላል፤ በአንዱ ራሱን እየተከታተለ፣ በሌላው የሚያነጋግረውን ሰው ፊትና ቃል እያስተዋለ። ልዩነቱን ራሱ ሲያየው ከብዙ ምክር ይልቅ ያስተምረዋል። ፊቱ የተጣመመ ሕመምተኛም ለልምምድ መስታወት ቢያስፈልገውም፣ ቀኑን ሙሉ በመስታወት ፊት እንዳይቆም የልምምዱን ሰዓት መወሰን ተገቢ ይመስለኛል።

ሠ. የባለሙያው ፊት። መርዶ ወይም ከባድ የምርመራ ውጤት ስንናገር «ፊቴ ምን ይመስላል?» የሚለው ሐሳብ ትኩረታችንን ከሰሚው ላይ ይወስዳል። ይልቁንም የሰሚውን ፊት መመልከት፣ ቃሉን መከተል፣ ዝምታውን መታገሥ ይሻላል። የራሳችን ስሜት ሲበረታም መደበቅ ብቸኛው መንገድ አይደለም። የተናደደብንን አስታማሚ «ደፋር» ከማለት «የፈራ ሰው ነው» ብሎ ማሰብ ስሜቱን ከሥሩ ያለዝባል፤ እንዲህ ነገሩን በሌላ ዐይን መመልከት ፊትን የመግታትን ያህል የማስታወስ ዋጋ እንደማያስከፍልም ተመሳሳይ ጥናቶች አሳይተዋል። በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ስንሠራ፣ በቲቢ ክፍልም ሆነ ከ2020 ወዲህ እንደለመድነው፣ የፊታችን ታችኛው ክፍል ስለማይታይ ደግነታችንን በቃልና በድምፅ ማሳየት ይኖርብናል።

ረ. የሥራ ባልደረባን ማዳመጥ። ከአንድ ሞት ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገር ባለሙያ ስሜቱን ለጊዜው ቢገታ ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን በዕለቱ መጨረሻ ከባልደረባ ጋር የሚነጋገርበት ጥቂት ጊዜ ሊኖር ይገባል። ይህ እንደ ድክመት ሳይሆን እንደ ሥራው አካል መቆጠር አለበት።

ማጠቃለያ

ፊት የስሜት መግለጫ ብቻ ሳይሆን ለስሜት አንድ ትንሽ ግብዓት መሆኑን ጥናቶች ያመለክታሉ። ፊቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ስሜት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ፈገግታን ማዘዝም ሐዘንን አይፈውስም። ወደ ራስ የዞረና ከዚያ መነሣት ያቃተው ትኩረት ድባቴንና ፍርሃትን ይመግባል፤ ስሜትን ዘወትር መደበቅም የማስታወስ ኃይልንና ከሕመምተኛ ጋር ያለንን ግንኙነት ይጎዳል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ከፊቱ በላይ ሊጠብቀው የሚገባው ትኩረቱን ነው። ትኩረቱ በሕመምተኛው ላይ ሲያርፍ የሚጠይቀውን አይስትም፤ የተነገረውን ያስታውሳል፤ ፊቱም አብዛኛውን ጊዜ ሳይታዘዝ ተገቢውን ገጽታ ይይዛል።